የጋራ የቼክ-ኢን ማሽን በሐዋሳ፦ ከግዢው በፊትና በኋላ መሠራት ያለበት

«ኪዮስክ» ሲባል ለሐዋሳ ሰው ቶሎ የሚታየው ካርድ፣ ማስቲካና ለስላሳ መጠጥ የሚሸጥበት የሰፈር ሱቅ ነው። በአውሮፕላን ማረፊያ ግን ቃሉ መንገደኛው በራሱ እጅ ቼክ-ኢን የሚያደርግበትን (ለበረራው የሚመዘገብበትን)፣ መቀመጫውን የሚመርጥበትን፣ ቦርዲንግ ፓሱን (የመሳፈሪያ ወረቀቱን) እና የሻንጣውን ታግ (መለያ ወረቀት) የሚያትምበትን የቁም ማሽን ያመለክታል። ግራ እንዳያጋባ በዚህ ጽሑፍ «ማሽን» ብቻ እያልሁ እቀጥላለሁ። ጽሑፉ የታሰበው በሐዋሳም ሆነ በተመሳሳይ መጠን ባለ የአገር ውስጥ አውሮፕላን ማረፊያ የመንገደኞች አገልግሎትን ለሚመሩ፣ ለሚያቅዱና ግዢ ለሚፈጽሙ ሰዎች ነው። ቲኬት ቆርጦ ለሚሄድ መንገደኛም ሰልፉ ለምን እንደሚረዝም ማወቁ አይጎዳውም።

በመጀመሪያ «የጋራ» የሚለው ቃል ይብራራ። በቀደመው አሠራር እያንዳንዱ አየር መንገድ የራሱን ኮምፒውተር፣ የራሱን ማተሚያና የራሱን ካውንተር ይዞ ይቀመጥ ስለነበር፣ አንዱ ካውንተር ባዶውን ሲውል አጠገቡ ያለው በሰው ይጨናነቅ ነበር። ይህን ለመፍታት እ.ኤ.አ. በ1984 ሎስ አንጀለስ የኦሎምፒክ እንግዶቿን ስትቀበል፣ በ11 አየር መንገዶች በ1949 የተመሠረተው ሲታ የተባለው ድርጅት ብዙ አየር መንገዶች በአንድ ካውንተር እየተፈራረቁ የሚሠሩበትን ሥርዓት ዘረጋ። ሐሳቡ ቆይቶ ሠራተኛ ወደሌለበት ማሽንም ተሻገረ። ዛሬ ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር፣ በተለምዶ አያታ የምንለው፣ 1706 ሲ በተባለው የአሠራር ምክረ ሐሳቡ ማሽኖቹ ከየአየር መንገዱ ጋር እንዴት እንደሚነጋገሩ ደንግጎታል።

አሠራሩን በሦስት ድርብርብ ማሰብ ይቀላል። ከታች ስክሪኑ፣ የፓስፖርት ማንበቢያው፣ የቦርዲንግ ፓስና የታግ ማተሚያው አለ። መካከል ላይ እነዚህን ዕቃዎች ለሁሉም በአንድ ቋንቋ የሚያስተዋውቅ የጋራ ሶፍትዌር ይቀመጣል። ከላይ የየአየር መንገዱ የራሱ መተግበሪያ ይሠራል፤ መንገደኛው የአየር መንገዱን ምልክት ሲነካ የሚከፈትለት ይህ ነው። የመቀመጫው ካርታና የተሳፋሪው ዝርዝር ግን ማሽኑ ውስጥ የሉም። እነሱ ያሉት በአየር መንገዱ የመነሻ መቆጣጠሪያ ሥርዓት ውስጥ፣ ምናልባትም በሌላ አገር ባለ ሰርቨር ላይ ነው። ኔትወርክ ሲቋረጥ ማሽኑ ከቆመ ቁም ሣጥን የማይለየው በዚህ ምክንያት ነው፤ ይህን ነጥብ ወደፊት እመለስበታለሁ።

አንድ አስተዋይ አንባቢ «ሐዋሳ ላይ አየር መንገዱ ብዙ በማይሆንበት ቦታ የጋራ ማሽን ምን ያደርጋል?» ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። እኔ የማየው ዋናው ምክንያት አንድ ነው፤ እሱም ይበቃኛል ባይ ነኝ። አዳራሹ ትንሽ ነው። በአንድ ኩባንያ ሥርዓት ብቻ የሚሠራ ማሽን ከተተከለ፣ ነገ ሌላ በረራ ወይም የቻርተር አገልግሎት ሲመጣ ሌላ ማሽን፣ ሌላ መስመር፣ ሌላ የጥገና ውል ይዞ ይመጣል፤ ያኔ የሚጠበው የሰው መቆሚያው ነው። በአያታ ደንብ የተሠራ ማሽን ግን አዲሱን እንግዳ የሚቀበለው በአዲስ መተግበሪያ ብቻ ነው። በተጨማሪም እንዲህ ያለው ማሽን ከአዳራሹ ወጥቶ በሆቴል መግቢያ ወይም በኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ሊቆም ይችላል። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2016 ከተመረቀ ወዲህ ለሥራ ተመላልሶ የሚበርረው ሰው በአብዛኛው የእጅ ቦርሳ ብቻ የያዘ ስለሆነ፣ ከከተማ ሳይወጣ ቼክ-ኢን ቢያደርግ ከሰልፉ ሙሉ በሙሉ ይወጣል።

ማንኛውም ግዢ ከመታሰቡ በፊት ግን ሰልፉን መቁጠር ያስፈልጋል። ይህን ለመሥራት አማካሪ መቅጠር አያሻም፤ ሁለት ወጣት ሠራተኞች፣ የእጅ ሰዓትና ደብተር ይበቃሉ። ለሁለት ሳምንት ያህል፣ በዓል የሚቃረብባቸውን ቀናት ጨምሮ፣ በየበረራው አራት ሰዓቶች ይመዝገቡ፦ መንገደኛው በውጭው በር ሲደርስ፣ የመግቢያውን ፍተሻ ሲያልፍ፣ ካውንተሩ ፊት ሲቀርብና ቦርዲንግ ፓሱን ይዞ ዘወር ሲል። የመግቢያውን ፍተሻ ለይቼ የጠቀስሁት በአገራችን አውሮፕላን ማረፊያዎች መንገደኛው ወደ ካውንተር ከመድረሱ በፊት አዳራሹ በር ላይ ስለሚፈተሽ ነው። ሰልፉ የሚፈጠረው እዚያ ከሆነ፣ ውስጥ ዐሥር ማሽን ቢደረደር አንድም ደቂቃ አያሳጥርም፤ የሚያስፈልገው ሌላ የፍተሻ መስመር ወይም ተጨማሪ ፈታሽ ነው። የገንዘብ ብክነትን ከሁሉ በላይ የሚያድን ልኬት ይህ መሆኑን አምናለሁ፤ ብዙ ጊዜ ተዘሎ የሚታለፈውም ይኸው ነው።

ቆጠራው ካውንተሩ ላይ ችግር እንዳለ ካሳየ ስሌቱ ቀላል ነው። ለምሳሌ ያህል ሰባ መንገደኛ ይዞ የሚነሣ በረራ እንውሰድና እያንዳንዱ መንገደኛ ካውንተር ላይ ሦስት ደቂቃ ይፈጃል እንበል። ሥራው 210 ደቂቃ ነው፤ ሁለት ካውንተር ቢካፈሉት እያንዳንዳቸው 105 ደቂቃ ይወስድባቸዋል። አሁን ሦስት ማሽኖች ቆመው እያንዳንዱ መንገደኛ ማሽኑ ላይ ሁለት ደቂቃ ቢያጠፋ 140 ደቂቃው ለሦስት ተካፍሎ ከ47 ደቂቃ አይበልጥም። ከሰባዎቹ አርባ አምስቱ ሻንጣ የሚያስረክቡ ቢሆኑና ታግ የተለጠፈበትን ሻንጣ መዝኖ መቀበል አንድ ደቂቃ ብቻ ቢወስድ፣ አንድ ካውንተር በ45 ደቂቃ ይጨርሳል። ቁጥሮቹ የምሳሌ ናቸው፤ የራስዎን ከደብተሩ ላይ ይተኩባቸው።

ይህ ስሌት የሚሠራው ግን የሻንጣ ማስረከቢያው ከመደበኛው ካውንተር ተለይቶ የራሱ መስመር ሲኖረው ብቻ ነው። ብዙ ቦታ ላይ የሚታየው ስሕተት ማሽኑን ተክሎ ሻንጣውን በዚያው በድሮው ሰልፍ ማስረከብ ነው። መንገደኛው ማሽኑ ላይ ሁለት ደቂቃ ያጠፋና እንደገና ከኋላ ይሰለፋል፤ «ታዲያ ማሽኑ ለምኔ?» ቢል ማን ይፈርድበታል? ስለዚህ ከማሽኑ በፊት መወሰን ያለበት ሚዛኑና የሻንጣ ማጓጓዣው የት እንደሚቀመጡ፣ ሻንጣ የሌለው ሰውም በየትኛው በኩል ቀጥታ ወደ ፍተሻ እንደሚያልፍ ነው። ወለሉ ላይ በኖራም ቢሆን መስመሩን አስምሮ አንድ ቀን በባዶው መራመድ ከማንኛውም የኮምፒውተር ሥዕል ይበልጥ ያስተምራል።

ስለ ሻንጣው ትንሽ ልቆይ፤ ሥራው የሚከብደው እዚህ ላይ ነውና። የሻንጣ ታግ 10 አኃዝ ያለው ቁጥር ይይዛል። ከመጀመሪያው አኃዝ ቀጥለው የሚመጡት ሦስቱ አየር መንገዱን ይነግራሉ፤ ለኢትዮጵያ አየር መንገድ 071 ናቸው። የቀሩት ስድስቱ የሻንጣው ተራ ቁጥር ናቸው። መንገደኛው ታጉን በራሱ እጅ ሲለጥፍ ሦስት ስሕተቶች ይደጋገማሉ። አንደኛ፣ ከበፊቱ ጉዞ የቀረውን ታግ አይነቅልም፤ ማንበቢያው አሮጌውን ቁጥር ሊያነብ ይችላል። ሁለተኛ፣ ታጉን በእጀታው ዙሪያ አዙሮ ሁለቱን ጫፎች እርስ በርስ ከማጣበቅ ይልቅ በጎኑ ላይ እንደ ፖስታ ቴምብር ይለጥፈዋል። ሦስተኛው የእኛ አገር ነው፦ ዕቃው ሻንጣ ላይሆን ይችላል። ከሐዋሳ የሚነሣ ሰው ለዘመድ ቡና በከረጢት፣ ቅቤ በባልዲ፣ ቆጮ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ በካርቶን ይዞ ይመጣል። እጀታ የሌለው ዕቃ ላይ ታግ መለጠፍን ማሽን አያስተምርም። በማስረከቢያው ላይ ሲባጎ፣ ሰፊ ፕላስተርና ጥቂት ጠንካራ ከረጢቶች ይኑሩ። ከአሞራ ገደል የተገዛ ዓሣ በበረዶ ተደርጎ ሲመጣ ደግሞ ውኃ የማያንጠባጥብ መሆኑን የሚያይ የሰው ዓይን የግድ ነው። ሌላኛው ሻንጣ ውስጥ የሠርግ ልብስ ሊኖር ይችላል።

የአደገኛ ዕቃዎች ጥያቄም እንዲሁ። ማሽኑ ላይ ረጅም ጽሑፍ ቢደረደር ሁሉም ሳያነብ «አዎ» ይላል። ሥዕል ይቅረብ፦ የጋዝ ሲሊንደር፣ ቤንዚን፣ ክብሪትና ላይተር፣ እንዲሁም ፓወር ባንክ። ፓወር ባንክና ትርፍ የሊቲየም ባትሪ ከሚጫነው ሻንጣ ወጥተው በእጅ እንዲያዙ የሚለው ደንብ ብዙዎች በቅን ልቦና የሚጥሱት ስለሆነ፣ የራሱ ስክሪን ቢሰጠው አይበዛበትም።

አሁን ወደ ስምና ሰዓት ልምጣ፤ ከውጭ የመጣ ሶፍትዌር እንዳለ ተተክሎ ከኢትዮጵያ መንገደኛ ጋር የሚጋጨው በእነዚህ ሁለቱ ነው። ማሽኑ «የቤተሰብ ስም» ብሎ ይጠይቃል፤ እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ቲኬቱን የቆረጠው ወኪል የአባትን ስም ጽፎ ይሆናል፤ የአያትንም ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ አንድ ስም በላቲን ፊደል በሦስትና በአራት መንገድ ይጻፋል፤ ኃይሌ፣ ፀሐይ፣ ጽጌ የሚባሉ ሰዎች ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል። እኔ ራሴ በአንድ አውሮፕላን ማረፊያ ማሽን ፊት ቆሜ የአባቴን ስም በሁለት አጻጻፍ ብሞክር «አልተገኘም» የሚል መልስ ሰጥቶኝ፣ ከኋላዬ ያሉት ሰዎች ትንፋሽ እየተሰማኝ ወደ ካውንተር ሄጃለሁ። ስሕተቱ የወኪሉ ነበር፤ አንድ ፊደል አጉድሏል።

መፍትሔው ስም ከማስጻፍ መሸሽ ነው። ከተቻለ መንገደኛው በስልኩ የደረሰውን ወይም በወረቀት የያዘውን ባርኮድ ያስነብብ። ባይሆን ባለ 13 አኃዝ የቲኬት ቁጥሩን ያስገባ፤ ቁጥር ብቻ ስለሆነ ፊደል አያሳስትም። ስድስት ሆሄ ያለው የቡኪንግ ኮድ በሦስተኛ ደረጃ ይቅረብ፤ በኮዱ ውስጥ ያለው የላቲን «ኦ» ከዜሮ ጋር፣ «አይ»ም ከአንድ ጋር እንደሚምታታ ማስጠንቀቂያ ይታከልበት። ፓስፖርት ለያዘ ሰው ነገሩ ቀላል ነው፤ ከፎቶው ገጽ ግርጌ ያሉትን ባለ 44 ሆሄ ሁለት መስመሮች ማሽኑ ራሱ ያነባል። የቀበሌ መታወቂያ የያዘ የአገር ውስጥ መንገደኛ ግን ማሽኑ የሚያነብለት ነገር የለውም። የፋይዳ መታወቂያ ባለ 12 አኃዝ ልዩ ቁጥርና ኪውአር ኮድ ያለው ስለሆነ ወደፊት ይህን ክፍተት ሊሞላ ይችላል፤ ሆኖም ይህ ከመታወቂያው ባለቤት ተቋም ጋር ስምምነት የሚጠይቅ ጉዳይ እንጂ በማሽን ሻጩ ቃል የሚፈጸም አይደለም። ልጁ በቴሌግራም በፎቶ የላከለትን ቲኬት ለማግኘት ስልኩን የሚጎረጉር አባትም አይጠፋም፤ ማንበቢያው ከስልክ ስክሪን ላይ የተነሣ ፎቶን ማንበብ መቻሉ በግዢው ወቅት በተግባር ይፈተን።

ሰዓቱ ከስሙ የባሰ ነው። ቲኬት ላይ «07:40» ተብሎ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ40 ነው፤ ሳይጠራጠር 7 ሰዓት ከ40 ብሎ ከምሳ በኋላ የሚመጣ ሰው አለ፤ አውሮፕላኑ ግን ቀድሞት አዲስ አበባ ገብቷል። «13:40» ከቀኑ 7፡40 ነው። ማሽኑም ሆነ የሚያትመው ወረቀት ሁለቱንም ሰዓቶች ጎን ለጎን፣ «ጠዋት»፣ «ቀን»፣ «ማታ» ከሚል ቃል ጋር እንዲያሳይ በጨረታ ሰነዱ ላይ መጻፍ ይገባል። የትውልድ ቀን በሚጠየቅበት ስክሪን ላይም የትኛው ዘመን አቆጣጠር እንደሆነ ካልተነገረ፣ መንገደኛው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ጎልምሶ ይመዘገባል።

ቋንቋን በተመለከተ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ በሆነችው ሐዋሳ አማርኛና እንግሊዝኛ ብቻ ማድረግ ጎዶሎ ነው፤ ሲዳምኛ፣ አፋን ኦሮሞና ወላይትኛ ቢታከሉ የሚያስፈልገው የጽሑፍ መጠን ከሁለት መቶ ዓረፍተ ነገር የሚዘልቅ አይመስለኝም። ትርጉሙን ግን ካውንተር ላይ የሚሠራ የቋንቋው ተናጋሪ ይመልከተው። ቢሮ ተቀምጦ የተተረጎመ ቃል ብዙ ጊዜ መንገደኛው የሚናገረው ቃል አይደለም።

መብራትና ኔትወርክን ቃል የገባሁት ስለሆነ እዚህ ላይ ልጨርሳቸው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር እስኪነሣ ባሉት ሰከንዶች ማሽኑ ጠፍቶ እንደገና ለመነሣት ብዙ ደቂቃ ይወስዳል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ማሽንና ለኔትወርክ ሣጥኑ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚይዝ መሣሪያ) ይኑር። የኔትወርክ ሣጥኑ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ማሽኖቹ እየበሩ መስመሩ የሞተ ይሆናል። ግንኙነቱ በሁለት የተለያዩ መንገዶች ይግባ፦ አንዱ በፋይበር ከሆነ ሌላው በሞባይል ኔትወርክ፤ ሁለቱም በአንድ ቦይ ውስጥ የተቀበሩ ፋይበሮች ከሆኑ አንድ ዶማ ሁለቱንም ይቆርጣቸዋል። ሁለቱም በጠፉበት ቀን ደግሞ የሚሠራበት የወረቀት ዝርዝር፣ በእጅ የሚሞላ ታግና ቦርዲንግ ፓስ በመሳቢያ ውስጥ ይኑር፤ ሠራተኞቹም በዓመት ሁለቴ በእሱ ይለማመዱ።

የታግና የቦርዲንግ ፓስ ወረቀቱ በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ሥር የተቀመጠ ጥቅል ይጠቁራል፤ የታተመውም ይደበዝዛል። ጥቅሎቹ በጥላ ይቀመጡ። ማሽኖቹ ራሳቸውም የከሰዓቱ ፀሐይ ስክሪናቸው ላይ እንዳይወድቅ ሆነው ይዙሩ። በመሳፈሪያው በር ላይ ያለው ማንበቢያ ደግሞ የወረቀቱን ባርኮድ ብቻ ሳይሆን በስልክ የሚታየውን ካሬ ኮድ ማንበብ የሚችል የካሜራ ዓይነት መሆኑ ይጣራ፤ የቆየው የሌዘር ማንበቢያ ካሬውን አያነብም።

በውሉ ላይ ብዙ አልልም። ማሽኖቹ የ1706 ሲን ደንብ ማሟላታቸው፣ ለብልሽት በስንት ሰዓት ውስጥ ምላሽ እንደሚሰጥ፣ ክፍያው በማሽን ይሁን በመንገደኛ ቁጥር፣ እንዲሁም ውሉ ሲያልቅ የጋራ ሶፍትዌሩ የማን እንደሚሆን በግልጽ ይጻፍ። መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ስለሆነ የማተሚያ ራስ፣ ጎማና የወረቀት መቁረጫ ከመጀመሪያው ግዢ ጋር አብረው ሐዋሳ ይግቡ፤ ቶሎ የሚያልቁት እነዚህ ናቸው። ለትርፍ ክብደት ክፍያ የካርድ ማንበቢያ ከመግጠም ይልቅ በቴሌብር ኪውአር ማስከፈል ወጪውንም የካርድ ደኅንነት ግዴታውንም ያቀልላል። ማሽኑ የሚያየው የመንገደኛ መረጃ በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚገዛ ስለሆነ፣ የፓስፖርት ምስል ማሽኑ ውስጥ እንዳይቀር የሚያስገድድ አንቀጽም አይዘንጋ።

ሥራው ሲጀመር በአንድ በረራ ብቻ ይጀመር፤ ሻንጣ የሌላቸው የሥራ መንገደኞች የሚበዙበት የጠዋቱ በረራ ይመረጥ። ከማሽኖቹ ጎን አንድ ሠራተኛ ቆሞ ይዋል፤ ካውንተር ውስጥ አይቀመጥም፤ ከመንገደኛው ጋር ትከሻ ለትከሻ ይቆማል። ይህ ሠራተኛ በባሕርይው ይመረጥ። ነጠላቸውን አጣፍተው ልጃቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱ እናት ማሽኑ ፊት ሲደርሱ፣ «እማማ፣ ይኼንን ይጫኑ» ብሎ ጣት መቀሰር እርዳታ አይደለም። «እማማ፣ እንደምን አደሩ፤ ወረቀትዎን ይስጡኝና አብረን እናየዋለን» የሚል ሰው ሲኖር፣ እሳቸው ማሽኑን ባይነኩትም አጠገባቸው የቆመው ጎረምሳ አይቶ በራሱ ይሠራል። ማሽን መጠቀም ለማይፈልግ መንገደኛ አንድ መደበኛ ካውንተር ሁልጊዜ ክፍት ይሁን፤ ወደዚያ የሚሄደውንም ማንም አይቆጣው።

ከሦስት ወር በኋላ ያንኑ ደብተር ይዘው፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው በር ይቁሙና አራቱን ሰዓቶች እንደገና ይመዝግቡ። በካውንተሩ ያለው ጊዜ አጥሮ በውጭው በር ያለው ካልተለወጠ፣ ለአራተኛ ማሽን የተያዘው ገንዘብ ለሁለተኛ የፍተሻ መስመር ይዋል።